ኅብለ ሰረሰራቸው ስለ ተጎዳ ሰዎችና ስለ ሽንታቸው ጥበቃ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል በብዙ ሕመም ላይ ሲፈጸም አይተናል፤ ነገር ግን ዛሬ በምንናገርበት ሕመም ላይ የሚፈጸመውን ያህል በሌላ ላይ ሲፈጸም አላየንም። ደባቂውም ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ አስታማሚውም፣ ጎረቤቱም፣ አንዳንድ ጊዜም ሐኪሙ ራሱ ይደብቀዋል። ይኸውም ወገቡ ወይም አንገቱ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሽንቱን መቈጣጠር የማይችል መሆኑ ነው። ስለ እግሩ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ስለ ሽንቱ ግን የሚጠይቀው የለም። ሆኖም እግሩ ባለመታዘዙ የሚሞት ሰው የለም፤ ሽንቱ በደንብ ባለመጠበቁ ግን የሚሞተው ብዙ ነው።

ይህ በጋዜጣ የሚጻፍ ነገር አይደለም የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ፊደል የቈጠርነው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር ነውር መሆኑን ከመምህሮቻችን ተምረናል። ነገር ግን ነውር ነው ተብሎ ዝም የተባለለት ነገር ሰው የሚገድል በሆነ ጊዜ፣ ዝም ማለቱ የባሰ ነውር ይሆናል ብለን ስለ አሰብን ብዕራችንን አንሥተናል። አንባቢ ይታገሠን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ወዳለችው ወደ ግሽ ዓባይ ሄደን ነበር። ከዚያች ከትንሿ ምንጭ የሚነሣው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና እንደሚወርድ፣ ከጣናም ወጥቶ ታላቁ ዓባይ እንደሚሆን የማያውቅ አንባቢ የለም። ለጠበሉ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደንበጫና ከየገጠሩ ሕመምተኛው አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በሰው ሸክም ይመጣል። ከእነዚህም መካከል ዕድሜው ከሃያ ሁለት ዓመት የማይበልጥ አንድ ጐልማሳ አራት ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመውት ከቡሬ ገጠር መጥቶ ነበር። ለቤት ሥራ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሲመለምል ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም፤ ቢነኩትም አይሰማውም። ቃሬዛው ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሰው ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አየን። ልጁም ያንን ሲያይ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

እናቱን ወደ ጥላ ወስደን ብንጠይቃቸው፣ «ጌታዬ፣ እግሩንስ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔን የቸገረኝ ሽንቱ ነው» አሉን። «ውሃ የጠጣ እንደ ሆነ ልብሱም ምንጣፉም ይበላሻል፤ በየቀኑ የማጥብበት ሳሙናም ጉልበትም የለኝም። ስለዚህ ውሃ ከልክየዋለሁ።»

«እታለም፣ ይህ ቱቦ መቼ ገባለት?» ብንላቸው፣ «ባለፈው ሰኔ» ሲሉ መለሱልን። «በወሩ መልሺው ብለውኝ ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ገንዘቡም አለቀ።»

ቱቦው የገባለት በአንድ ሐኪም ቤት ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ አይደለምና። በአንድ ወር መለወጥ የሚገባው ቱቦ ሰባት ወር በሰው አካል ውስጥ ተቀምጦ አየን። ጫፉ ነጭ ሆኖ እንደ ኖራ ደርቆ ነበር። ልጁም በዓባይ ምንጭ አጠገብ ተኝቶ ውሃ የተከለከለ ሰው ነበር።

አሁን የነገሩን ሥር ጥቂት እንግለጥ። የሰው ሽንት ከሁለቱ ኩላሊቶች ወርዶ የሽንት ፊኛ በሚባለው ከረጢት ይጠራቀማል። ከረጢቱ ሲሞላ ወሬው በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ቆይ ወይም ፍሰስ ብሎ ያዝዛል። ኅብለ ሰረሰር የተጎዳ እንደ ሆነ ወሬውም ትእዛዙም ይቋረጣል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ስብራቱ ቦታ ይለያያል። ስብራቱ በታችኛው የወገብ ክፍል የሆነ እንደ ሆነ ፊኛው ይላላል፤ እየሞላ እየሞላ ሄዶ ትርፉ ብቻ ይንጠባጠባል። ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ፊኛው ያለ ትእዛዝ በገዛ ራሱ ይጨመቃል፤ ክፉው ነገር ግን ፊኛው ሲጨመቅ በሩም በዚያው ጊዜ መጨበጡ ነው። በሩ የተዘጋበት ውሃ ወደ ኋላ ወደ ኩላሊት ይገፋል። ኩላሊትም በዚህ ግፊት ሕመም ሳይሰማ በዝምታ ይበላሻል። ስለዚህ ልብሱ ስለ ረጠበ ብቻ ሽንቱ ወጥቶለታል ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከሞላው ላይ የተረፈው ነው። አንዳንድ አስታማሚዎች ሆዱን በጡጫ ተጭነው ሊያወጡለት ይሞክራሉ፤ ይህም ግፊቱን በኩላሊት ላይ ስለሚያበዛ እጅግ አደገኛ ነው።

ሌላም አለ። ስብራቱ ከደረት መካከል በላይ በሆነበት ሰው ላይ የፊኛው መሙላት ብቻ የደም ግፊቱን በድንገት ከፍ ያደርገዋል። ራሱን አጥብቆ ያመዋል፣ ፊቱና አንገቱ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቶሎ ያልተረዳ እንደ ሆነም በአንጎሉ ደም ፈስሶ ሊሞት ይችላል። በጠበል ቦታ እንዲህ ሲሆን ያየ ሰው መንፈስ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ካህናቶቻችን ግን ይህን ነገር ቢያውቁት አንድ ነፍስ ያድናሉ፤ መጀመሪያ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ቱቦው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደ ሆነ ማየትና ሽንቱን ማስወጣት፣ ያም ያልረዳው እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ይህ ሞት ከጥንት የማይቀር ሆኖ ይቈጠር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወገባቸውን ከተመቱት ወታደሮች አብዛኞቹ ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ በሽንት ምርቀዛና በመኝታ ቁስል አልቀዋል። በሁለተኛው ጦርነት ግን ሉድቪግ ጉትማን የተባለ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ አገር የገባ አይሁዳዊ ሐኪም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለነዚህ ሰዎች ልዩ ክፍል አቋቋመ። ያደረገውም ተአምር አልነበረም፤ ሕመምተኞቹን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠ ከመኝታ ቁስል ጠበቃቸው፤ ሽንታቸውንም በሰዓቱ፣ በንጹሕ ቱቦ፣ እያስገባ እያወጣ አስወጣላቸው። በዚህ ምክንያት ይሞታሉ የተባሉት ሰዎች ተነሥተው ሥራ ሠሩ፣ ቤተ ሰብ መሠረቱ፣ በጨዋታም ተወዳደሩ።

በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በሸኖ አቅራቢያ መኪናው ተገልብጣ ኅብለ ሰረሰሩ በተጎዳ ጊዜ የተላከው ወደዚሁ ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው። ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1962 ዓ.ም. በቀስት ውድድር ተሰለፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ እስኪያርፍ ድረስ ከአደጋው በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ኖሯል። ያገራችን ሰው አበበን ሲያስታውስ እግሩን ያስታውሳል፤ ደግም ያደርጋል። ነገር ግን እግሩ አልታዘዝም ባለው ጊዜም ሰው ሆኖ በአደባባይ መታየቱን ማስታወስ ይገባናል።

አበበን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ የቡሬን ገበሬ ልጅ ማን ይልከዋል? የሚል ቢኖር፣ መላክ አያስፈልገውም እንላለን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባለ የሚሺጋን ሐኪም አንድ ቀላል ነገር አስረዳ። ፊኛን በምርቀዛ የሚያስጠቃው ከሁሉ በላይ ከልክ በላይ መሞላቱና መወጠሩ ነው፤ የተወጠረ ፊኛ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ተሐዋስያንን መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሐኪም ቤት እንደሚደረገው ሁሉ ጓንትና የተቀቀለ ዕቃ ባያገኝ እንኳ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ቱቦ በገዛ እጁ እያስገባ ሽንቱን በሰዓቱ ቢያስወጣ፣ ቱቦ ለዘለቄታ ተክሎ ከመኖር ይልቅ በጤና ይኖራል። ይህም አሠራር ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀና የተመሰገነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ፣ ፊኛው ከግማሽ ሊትር በላይ ሳይሞላ፣ ቀጭኑን ቱቦ በቀስታ ያስገባል፤ ሽንቱ ጨርሶ ሲወጣ ቱቦውን ያወጣል። በየጊዜው አዲስ ቱቦ ቢገኝ ይመረጣል፤ ባልተገኘበት አገር ግን ያንኑ አጥበው፣ አድርቀው፣ በንጹሕ ዕቃ አኑረው የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ውሃ በደንብ ይጠጣል። ውሃ የተከለከለ ሕመምተኛ ሽንቱ እየወፈረ ጠጠር ያበጃል፣ ምርቀዛውም ይበዛበታል፤ የዚያ ልጅ እናት በፍቅር ያደረጉት ነገር ልጃቸውን የሚጎዳ ነበር። እጁ የማይታዘዝለት፣ አንገቱ የተሰበረ ሰው ግን ይህን ብቻውን ስለማይችል፣ ወይ አስታማሚው ይማርለታል፣ ወይም ሐኪሙ ከእምብርት በታች በሆዱ በኩል ሌላ መውጫ ያበጅለታል። ለእርሱም ሆነ ቱቦው ተተክሎለት ለሚኖረው ሰው ቱቦው በቀኑ መለወጡ፣ ከረጢቱም ከፊኛው በታች ሆኖ መንጠልጠሉ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለጤና አስተዳዳሪዎች የምናሳስበው ነገር ታላቅ ሕንጻ የሚጠይቅ አይደለም። ወገቡ የተሰበረ ሰው ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሲወጣ፣ ሽንቱን በምን መንገድ እንደሚያስወጣ እርሱና አንድ አስታማሚው በእጃቸው እየሠሩ ተምረው፣ መቻላቸውም ታይቶ ይውጡ። ዛሬ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ በአንዲት ወረቀት ላይ የተጻፈ የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። ቀጠሮውም ከተማ ላለ ሰው ቀጠሮ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው ግን ወረቀት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሠራተኛ አለው፤ እነዚህ እኅቶቻችን ስለ እርጉዝና ስለ ሕፃን እንደሚያስተምሩ ሁሉ፣ በቀበሌያቸው ያለውን ወገበ ሰባራ መዝግበው ቤቱ ሄደው ይዩት። ቱቦውም በወረዳ ሐኪም ቤት ሳይታጣ ይገኝ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ከሚሸፍናቸው ነገሮች መካከል መሆኑም ማንም በማይጠራጠርበት ቃል ይጻፍ። በዓመት አንድ ጊዜ ኩላሊቱ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ይታይለት።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ይመድባል ተብሎ ተጽፏል፤ አቅም የፈቀደውን ማለት ግን መጀመሪያ ርካሹን ማድረግ ማለት ይመስለናል። በዚህ ነገር ላይ ደግሞ ርካሹና የተሻለው አንድ ሆነው ተገኝተዋል። ኩላሊቱ የጠፋበት ሰው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት፤ ያም በገጠር የማይታሰብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 የሚደርሱ ሰዎች ኅብለ ሰረሰራቸው እንደሚጎዳ፣ እነዚህም ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው የመሞታቸው ነገር ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ አምስት እጅ እንደሚበልጥ፣ ድኃ በሆኑት አገሮችም ይህ እንደሚብስ ተናግሯል። የሚብሰውም አጥንታቸው ከሌላው የተለየ ስለ ሆነ አይደለም።

ስለ ሴቶች አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። ወንዱ ስለ ሽንቱ ለመናገር ቢያፍር፣ ሴቲቱማ ለወንድ ሐኪም ጨርሳ አትናገርም፤ ባልም ብዙ ጊዜ ትቷት ይሄዳል። ይህን የምታስተምር ሴት ነርስ በየሐኪም ቤቱ መኖሯ ለይምሰል የሚደረግ ነገር ተደርጎ እንዳይታይ እንለምናለን።

አሁን ወደ ካህናት አባቶቻችን እንመለስ። በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ የኖረው ሰው የሚታሰብበት ነው። በየዓመቱ ስናነበው ስለ ተነሣበት ቀን እንጂ ስለ ሠላሳ ስምንቱ ዓመት አናስብም። በዚያ ሁሉ ዘመን ማን አጠበው? ማን ልብሱን ለወጠለት? ሰው የለኝም ማለቱ ይህን ሁሉ የያዘ ይመስለናል። የዛሬው መጻጉዕ ግን አስታማሚ እያለው እንኳ በሽታው ስለሚያሳፍረው ወደ ቅጽሩ አይቀርብም። ልብሱ ይረጥባል፣ ይሸታል፤ ስለዚህ ቅዳሴውን ከውጭ ሆኖ ይሰማል፣ ኋላም ጨርሶ ይቀራል። ይህ ከደዌ የመጣ እንጂ ከፈቃድ የመጣ ነገር አለመሆኑን፣ ለእንዲህ ያለው ሰውም በቤተ ክርስቲያን ምን ቦታ እንዳለው ሊቃውንቱ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፣ ሐኪም ከሚሰጠው ብዙ መድኃኒት ይልቅ የሚጠቅም ነው።

ጾምም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛ ከጾም ሕግ እንደሚፈታ ፍትሐ ነገሥት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ይህ ሰው ፊቱ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል፣ ራሱም ጤነኛ መምሰል ስለሚወድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። የነፍስ አባቱ ጠርቶ፣ «ልጄ፣ ለአንተ ውሃ መድኃኒትህ ነው፤ ጠጣ» ቢለው ይታዘዛል። ከሐኪም አፍ የሰማው እንደ ሆነ ግን ሃይማኖቱን የተነኩበት ይመስለዋል።

በጠበል ነገር እኛ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረው ነበር፤ በዚያም ቃል መድኃኒታቸውን ሊተዉ የነበሩ ሰዎች ተመክረዋል። ለእነዚህም ሕመምተኞች ያው ቃል ቢነገርላቸው፣ በግሽ ዓባይና በየጠበሉ ቦታም እጅ የሚታጠቡበት ሳሙናና ንጹሕ ውሃ፣ በጨርቅ የተከለለ አንድ ትንሽ ዳስ ቢዘጋጅላቸው፣ ለጠበሉ ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም። ሽንቱን በሰዓቱ አስወጥቶ ወደ ጠበሉ የሚገባ ሰው ከማንም ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይገባል።

ያን የቡሬውን ልጅ በዓሉ ካለፈ በኋላ ዘመዶቹና አንድ ዲያቆን ገንዘብ አዋጥተው ወደ ባሕር ዳር ወሰዱት። ቱቦው ሲወጣ ጠጠር ይዞ ወጣ። አንዲት ነርስ አምስት ቀን ሙሉ በመስተዋት እያሳየች አስተማረችው። ከዚያ ወዲህ በቀን አምስት ጊዜ ሽንቱን በገዛ እጁ ያስወጣል፤ ውሃ ይጠጣል፤ እናቱም ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። እርሱም በበር ላይ ተቀምጦ ጫማ መስፋት ተምሮ ነበር።

ባለፈው ሰኔ በስልክ አግኝተነው ነበር። ሁለት ቱቦ ብቻ እንደ ቀረው፣ አንደኛውም እየተሰነጠቀ መሆኑን ነግሮን፣ ከባሕር ዳር በቅርብ ቦታ ይገኝ እንደ ሆነ ጠየቀን። እኛም የምናውቃቸውን ሰዎች በአካባቢው ከተሞች በየመድኃኒት ቤቱ አስጠየቅን። ተተክሎ የሚቀመጠው ቱቦ በሁሉም ዘንድ ነበር፤ ገብቶ የሚወጣው ግን በአንዱም አልተገኘም።